የብረሽ ክሪክ ድልድይና የእኔ ሣጥን
(በተመራቂዎች ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ከሙያ ሕይወትህ የሚጠቅመንን አካፍለን» ብሎ ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። እኔ ድልድይ ስሠራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ድልድይ መናገሬ አይቀርም። ግን አትስጉ፣ ስለ ትልልቆቹ አይደለም። ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር ድልድይ ነው፣ ያውም በሰው አገር ስላለች። ለምን እሷን እንደመረጥኩ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል። የሕግ፣ የኢኮኖሚክስና የሕክምና ምሩቃን ወገኖቼም ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ እናንተም ቤት ይደርሳል። አንድ ትልቅ ሣጥን ይዤ ስገባ ያያችሁኝ ደግሞ «ይኼ ሰውዬ ምን ይዞ መጣ?» እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሱንም እንደርስበታለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ለመጠየቅ አሜሪካ ሄጄ ነበር። የምትኖረው ካንሳስ ሲቲ ነው። አንድ ቅዳሜ «አባዬ፣ ዛሬ የት ልውሰድህ?» አለችኝ። ሙዚየም ወይም ገበያ የምላት መስሏት ነበር። «ብረሽ ክሪክ የሚባል ወንዝ አለ፣ እዚያ ላይ ያለችውን ድልድይ አሳዪኝ» አልኳት። ከከተማው ወጥተን ወደ ደቡብ ስንነዳ ረፈደ። የካንሳስ ግዛት ወደሚያልቅበት፣ ባክስተር ስፕሪንግስ የምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ ወጣን። በሜዳ መሐል የምትሄድ ጠባብ መንገድ አለች። እሷን ይዘን ድልድይዋ ጋ ደረስን። ልጄ መኪናውን አቁማ አየት አደረገችና «ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለዚህች ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ርዝመቷ 130 ጫማ፣ ማለትም 40 ሜትር ገደማ ናት። በሩጫ አሥር ሰከንድ አትፈጅም።

ድልድይዋ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በግራና በቀኝ ሁለት የኮንክሪት ቅስቶች ከአንዱ ዳር ተነሥተው፣ ከመንገዱ በላይ ከፍ ብለው፣ በሌላው ዳር ይወርዳሉ። መንገዱ በሁለቱ መሐል፣ ከቅስቶቹ በወረዱ የኮንክሪት ዓምዶች ተንጠልጥሎ ያልፋል። ሰዎቹ በቅርጿ ምክንያት «ቀስተ ደመና ድልድይ» ይሏታል። ከተሠራች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ መንገዷ ከቺካጎ እስከ ካሊፎርኒያ የሚዘልቀው የታወቀው ሩት 66 አካል ሆነ። ካንሳስ ውስጥ የሚያልፈው የዚያ መንገድ ክፍል 21 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ላይ የነበሩት እህቶቿ ፈርሰዋል። በሩት 66 ላይ ከዚህ ዓይነት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ከ1983 ጀምሮም በአገሪቱ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ዛሬ ዋናው ትራፊክ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ በእሷ ላይ ለጉብኝት የመጣ ሰው ቀስ ብሎ ይነዳባታል።

መሐንዲስ ላልሆናችሁ፣ ቅስት እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው፣ መዳፍ ለመዳፍ ገጥመው፣ እግራቸውን ወደኋላ ሳብ አድርገው እርስ በርስ ይደገፉ። ቆመው ይቀራሉ፤ እንዲያውም ሦስተኛ ልጅ ክንዳቸው ላይ ቢንጠለጠል ይችላሉ። እጃቸው ላይ ያለው ኃይል ግፊት ነው። አሁን ካልሲ አድርገው በተወለወለ ወለል ላይ ይሞክሩት። እጃቸው ሳይሆን እግራቸው ይከዳቸዋል፤ ተንሸራተው ይወድቃሉ። የቅስት ጠባይ ይኸው ነው። ኮንክሪት ግፊትን ይወዳል፣ መወጠርን አይችልም። ለመወጠር ያለው አቅም ለግፊት ካለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ቅስት ለኮንክሪት የተፈጠረ ቅርጽ ነው ማለት ይቻላል። ግን ሁልጊዜ ዳርና ዳሩን ወደ ውጭ ይገፋል። በዚያ ላይ ድልድይ በታሰበው መንገድ ብቻ አይጫንም፤ ከባድ ጋሪ ወይም የጭነት መኪና አንድ ጎኑ ላይ ሲቆም ቅስቱ ይጎብጣል፣ መወጠርም ይመጣል። ለዚህ ነው ውስጡ ብረት የሚገባው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ እንዲህ ያሉ ትንንሽ የኮንክሪት ድልድዮች በአሜሪካ ገጠር እንዴት እንደበዙ እንይ። ከመቶ ሃያና ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የገጠሩ ሰው ወንዝ የሚሻገረው በእንጨት ወይም በብረት ድልድይ ነበር። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ብረቱ በየጊዜው ቀለም ይፈልጋል፣ ካልተቀባ ይዝጋል። ኮንክሪት ሲመጣ ገበሬው ወደደው። አሸዋውና ጠጠሩ ከራሱ ወንዝ ይወጣል፣ ጉልበቱም የጎረቤቱ ነው። ከውጭ የሚገዛው ሲሚንቶውና ብረቱ ብቻ ነው። የጎደለው ነገር አንድ ነበር፣ እሱም ንድፉ ነው። ድልድይ እንዲሠራ የሚወስኑት የየካውንቲው ተመራጮች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ገበሬዎችና ነጋዴዎች እንጂ መሐንዲሶች አልነበሩም። የድልድይ ኩባንያው ወኪል ካታሎጉን በብብቱ ይዞ ይመጣል፣ ሥዕሉን ያሳያል፣ ዋጋውን ይነግራል። ውድ ይሁን ርካሽ፣ ጠንካራ ይሁን ደካማ፣ ገዢው የሚያመዛዝንበት ነገር የለውም።

እዚህ ላይ አንድ መምህር ብቅ ይላል። ዳንኤል ሉተን ይባላል፤ በ1869 ተወልዶ በ1894 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመረቀ። ከዚያ ኢንዲያና ውስጥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በ1900 ማስተማሩን ትቶ ወደ ድልድይ ሥራ ገባ። ጎበዝ ሰው ነበር። ቅስት ዳርና ዳሩን ይገፋል ብያችሁ የለ? እሱ ሁለቱን ዳሮች ከወንዙ ወለል ሥር በሚያልፍ ብረት ለማሰር አሰበ። ሁለቱን ልጆች በወገባቸው በገመድ እንደማሰር ነው፤ ወለሉ ቢያንሸራትትም አይሄዱም። ለዚህና ለሌሎች ሐሳቦቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ፓተንቶች አወጣ። ንድፎቹም በሺዎች በሚቆጠሩ ወንዞች ላይ ተሠሩ። ሰውየውን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ብዙ የገጠር ሰው በደኅና የተሻገረው በእሱ ንድፍ ነው።

ችግሩ ፓተንቶቹ እየሰፉ መሄዳቸው ነበር። የኮንክሪት ቅስት ውስጥ ብረት ያስገባ ሰው ሁሉ፣ በአንዱም ሆነ በሌላው፣ የሉተንን አጥር ሳይነካ ማለፍ አቃተው። ሉተንም ከድልድዩ ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህል ሮያልቲ ይጠይቅ ነበር፤ አልከፍልም ያለውን ይከስሳል። ለአንድ ደሃ ካውንቲ ፍርድ ቤት ከመመላለስ መክፈል ይቀላል። ግን አስቡት፤ ብረት ያለው የኮንክሪት ቅስት ሉተን ከመነሣቱ በፊትም ነበረ። ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሜላን ዘዴውን አውጥቶ፣ በዚያ ዘዴ በ1894 አዮዋ ግዛት ውስጥ፣ ሮክ ራፒድስ አጠገብ፣ 30 ጫማ ስፋት ያላት ትንሽ ቅስት ተሠርታ ነበር። ይህች ድልድይ እስከ ዛሬ አለች።

ከተከሰሱት አንዱ ጄምስ ማርሽ የሚባል የዲሞይን ከተማ ድልድይ ሠሪ ነው። የብረሽ ክሪኳ ድልድይ ዓይነት የእሱ ፈጠራ ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር ይመጣል። ማርሽ በ1882 ኤምስ ከተማ ከሚገኘው የአዮዋ ግዛት ኮሌጅ የተመረቀ ሰው ነው። ግዛቲቱ በ1904 የአውራ ጎዳና ኮሚሽን ስታቋቁም ቢሮው እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ሆነ፤ የምህንድስና ዲኑ አንሰን ማርስተንም ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። የመስኩን ሥራ የያዘው በዚያው ዓመት ከዚያው ኮሌጅ የተመረቀ ቶማስ ማክዶናልድ የሚባል ወጣት ነው። በ1913 ኮሚሽኑ በየካውንቲው ድልድዮች ላይ ሥልጣን ተሰጠው። ያኔ ስታንዳርድ ንድፎች አዘጋጅቶ ለካውንቲዎቹ ማደል ጀመረ። ከእንግዲህ ገበሬው ከካታሎግ አይመርጥም፤ ንድፉ በእጁ ነው፣ የሚያጫርተው ሥራውን ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ንድፍ በሉተን ፓተንት ሥር ከወደቀ ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ኮሚሽኑ ከማርሽ ጎን ቆመ። ብረት ያለው የኮንክሪት ቅስት ከሉተን በፊት የታወቀ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ተሰበሰበ። በ1918 የፌዴራሉ ዳኛ ማርቲን ዌድ ክርክር የተነሣባቸውን የሉተን ፓተንቶች ውድቅ አደረጉ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር የግል ማድረግ አይቻልም ነው ነገሩ።

ላጋንን አልፈልግም። ማርሽም ቢሆን መልአክ አልነበረም። እሱም በ1912 ለቀስተ ደመናው ቅስት ፓተንት አውጥቷል፤ የብረሽ ክሪክ ድልድይ የተሠራችውም ያ ፓተንት ገና ጊዜው ሳያልቅ ነው። ልዩነቱ የእሱ በእርግጥ አዲስ ነገር ነበረው። ሙቀትና ብርድ ኮንክሪትን ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ማርሽ የመንገዱ ወለል ቅስቱን ሳይቀድ እንዲንሸራተት መላ ፈጠረለት። ወለሉ ቀጭን ሆኖ ስለሚንጠለጠልም ከሥሩ ለጎርፍ ሰፊ ቦታ ይቀራል። የሕግ ወገኖቼ እንደሚያውቁት ፓተንት ውል ነው፤ «አዲስ ነገርህን ለሕዝብ ግለጽ፣ እኛም ለተወሰነ ዓመት ጥቅሙን ለአንተ እንተውልሃለን» የሚል። ዓመቱ ሲያልቅ ንድፉ የሁሉ ይሆናል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ያ ማክዶናልድ የተባለው ወጣት በ1919 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመንገድ ቢሮ ኃላፊ ሆነ፤ እስከ 1953ም በዚያው ቆየ። በዘመኑ መጨረሻ ላይ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በዓለም ባንክ ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ስታቋቁም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን እንዲመሩ የተላኩት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የመጡት እሱ ከሚመራው ቢሮ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ታላላቆቻችን አንዳንዶቹ ሥራ የጀመሩት በዚያ መሥሪያ ቤት ነው። እኔም ተመርቄ ሥራ ስገባ የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ነገር ወፍራም የስታንዳርድ ንድፍ ጥራዝ ነበር፤ የቱቦው፣ የካልቨርቱ፣ የአጭሩ ድልድይ። «እዚህ ውስጥ ያለውን አትፈልስፍ፣ ተጠቀምበት» አሉኝ አለቃዬ። ያኔ ተራ ወረቀት መስሎኝ ነበር። ከየት የመጣ ልማድ እንደሆነ፣ ለእሱም ፍርድ ቤት ድረስ የተሄደ መሆኑን ያወቅሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሣጥኑ ላይ ደረስን።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና በጉልበቴ ሳለሁ፣ አንድ የገጠር ድልድይ ነድፌ አሠራሁ። ስሙንና ቦታውን ልተወው። ትንሽ ናት፤ ሁለት ቀበሌ የምታገናኝ። በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ስለቅ የራሴን ንድፎችና የስሌት ደብተሮች በሣጥን ከትቼ ወደ ቤቴ ወሰድኩ። ማንም አልከለከለኝም። ለምን ወሰድክ ብትሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፤ የእኔ ላብ ነው ብዬ ነው። ሌላ ሰው ስሜን ሳይጠራ ይገለብጠዋል ብዬ ሰግቼ ነው። ሣጥኑ አልጋዬ ሥር ገባ፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት ውጭ አገር ሆኜ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ከዚሁ ግቢ የተመረቀ ወጣት መሐንዲስ ነው። «ጋሼ፣ ጎርፉ የድልድይዎን መሠረት እየቦረቦረው ነው። የመሠረቱ ጥልቀት ስንት ነው? ከምን ላይ ነው ያረፈው?» አለኝ። መሥሪያ ቤቱ ቢሮ ሲቀያይር ቅጂው ጠፍቷል። እኔም ከዚያ ወዲህ ስንት ድልድይ ሠርቻለሁ፤ አላስታወስኩም። «ሣጥኔ ውስጥ አለ» አልኩት። «ሣጥኑስ?» አለኝ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አልኩ። ጸጥ አለ። ልጁ ማድረግ ያለበትን አደረገ፤ ድልድይዋን ዘጋት። እኔም በቦታው ብሆን እዘጋት ነበር። የማታውቀውን መሠረት ይዞኛል ብለህ ሰው አታሻግርበትም።

ድልድይዋ ከሐምሌ እስከ መስከረም ተዘግታ ከረመች። ገበያው ማዶ ነው፣ ጤና ጣቢያውም ማዶ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ምጧ ቢጠና በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ በዝናብ፣ ሌላ ድልድይ እስኪያገኙ የግማሽ ቀን መንገድ ዞሩ። በሰላም ተገላገለች፤ ይመስገነው። ግን ዕድል ነው፤ እኛ ደግሞ በዕድል ልንሠራ አልነበረም የተማርነው።

በጥቅምት ስመለስ መጀመሪያ የከፈትኩት ሣጥኑን ነው። ወረቀቱ ሦስተኛው ላይ ነበር። መሠረቱ አራት ሜትር ወርዶ አለት ላይ ነው ያረፈው። ጎርፉ የበላው የላይኛውን ሙሌት ነው። ድልድይዋ አንድም ቀን አደጋ ላይ አልነበረችም። ያ ሁሉ መከራ የመጣው አንድ ወረቀት አልጋ ሥር በመሆኑ ነው።

ይህ ከሆነ በኋላ ነው የሉተንን ታሪክ ያነበብኩት። መጀመሪያ በሰውየው ተናደድኩ። በኋላ ግን ራሴን አየሁ። ሉተን ቢያንስ ንድፉን ለመንግሥት አስረክቧል፤ ፓተንት የሚሰጠው ንድፉን በይፋ ለገለጸ ነውና ማንም ሰው አውጥቶ ሊያነበው ይችላል። ገንዘብ ጠየቀ እንጂ አልደበቀም። እኔ ገንዘብ አልጠየቅሁም፣ ደበቅሁ እንጂ። ከሁለታችን ያ ወንዝ ዳር ያለውን ሰው የበለጠ የጎዳው ማን ነው? ልጄ ብረሽ ክሪክ ድረስ ለምን እንዳስነዳኋት የገባት፣ እዚያው ድልድይዋ ላይ ቆመን ይህን ስነግራት ነው። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ታዲያ ሣጥኑን ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ገና አልጋዬ ሥር ነበር።

ሐኪሞች፣ እናንተ ለዓመታት ያያችሁትን፣ ሌላ ቦታ ያልተጻፈውን የሕመም ዓይነት የመዘገባችሁበት ደብተር አላችሁ። የኢኮኖሚክስ ሰዎች፣ በየገጠሩ ዞራችሁ የሰበሰባችሁት መጠይቅ በጆንያ ታስሮ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። መምህራን፣ ጡረታ ስትወጡ ቢሮውን ለቀቅ ስታደርጉ ምን ይዛችሁ እንደወጣችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። አንዳችንም ክፉ አስበን አላደረግነውም። ግን በየቤታችን አልጋ ሥር ያለው ቢደመር አንድ ቤተ መጻሕፍት ይሞላል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለትምህርት ክፍሎቹ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይመደብልን፤ ትንሽም ትሁን፣ የማትፈስ ትሁን። ሁለተኛ፣ ከእኛ እያንዳንዱ ሰው ከሥራው አንድ ነገር ያምጣ። የተሳካለትን ብቻ አይደለም፤ የተበላሸበትንና ለምን እንደተበላሸ በአንድ ገጽ ጽፎ ይጨምርበት። ለወጣቱ ከተሳካው ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ መምህራን፣ ወረቀቱን ቆልፋችሁ አታስቀምጡት። ተማሪ ይንካው፣ ይገልብጠው፣ ስህተት ካገኘበት በአዳራሽ ይንገረን። ስሜን ሳይጠራ ቢጠቀምበትም ግድ የለም፤ ድልድይዋን የሚሻገር ሰው ማን ነደፋት ብሎ አይጠይቅም።

ሣጥኑ ይኸው። ቁልፉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ውስጡ የአሥራ ሰባት ድልድዮች ንድፍና የስሌት ደብተሮቻቸው አሉ። ከላይ ያለው የዚያች ድልድይ ነው፤ መሠረቷ አራት ሜትር፣ አለት ላይ። ያን ቀን የደወለልኝ ልጅ ዛሬ በመካከላችን አለ፤ ከኋላ ተቀምጧል። ሣጥኑን የሚረከበው እሱ እንዲሆን ፈቃዳችሁ ይሁንልኝ።